ሞታ ተነሳች የተባለችው ልጅ

ካሰች ታቦር ሰፈር ፀጉር ቤት አላት። ፀጉር ቤት እንግዲህ ታውቁት የለ፣ ወሬም እንደ ፀጉር ተተኩሶ፣ አምሮበት የሚወጣበት ቤት ነው።

የስድስት ዓመቷ ልጇ ሀሴት ከጎረቤታቸው ከሙህዲን ሱቅ የገዛችው ከረሜላ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ትንፋሿ ቁርጥ ያለ ዕለት፣ ካሰች “ልጄ ሞተችብኝ!” ብላ ሰፈሩን በአንድ እግሩ አቆመችው። ሙህዲን ባንኮኒውን ዘሎ ወጣና ልጅቷን ክንዱ ላይ ደፍቶ ጀርባዋን ደጋግሞ መታ። ከረሜላው ተስፈንጥሮ ወጣ። ሀሴትን አሳላት፣ ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች።

“አልሐምዱሊላህ! ነፍስ ዘራች!” አለ ሙህዲን ላቡን እየጠረገ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! በማግስቱ ካሰች ለመጀመሪያዋ ደንበኛ “ልትሞት ነበር” ብላ አወራች። ለቀጣይዋ “ሞታ ነበር ማለት ይቻላል” አለች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ፅጌ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ወሬውን እየሰማች እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ስታይ ግን አፏን የሚይዝላት ጠፋ። “ሞታ ተነሳችልኝ፣ ፅጌዬ!” አለች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ልጇ ተርፋላታለች፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሏታል፤ ለዚያ ሁሉ ደስታ ትንሽ ቃል አልበቃ አላት። ብዙም ሳይቆይ ወንጌላዊ ኢዮስያስ ሰምተው መጡ።

“እህት ካሰች፣ እሁድ ምስክርነት ትሰጫለሽ። ጉባኤው እየጠበቀሽ ነው” አሏት። እሷም በደስታ እሺ አለች።

ሴቶቹ ግን ሀሴትን ባገኟት ቁጥር ራሷን እየዳበሱ “ከሞት የተነሳችው!” ይሏት ጀመር። ሀሴትም እንቅልፍ እምቢ አለች። ጋደም ስትል ዓይኗን ታፈጣለች፤ ሊወስዳት ሲል ተወራጭታ ትነሳለች። ጉንጯ ሟሸሸ። ካሰች ወተት አፈላችላት፣ ጸለየችላት፣ ቢቸግራት ተቆጣቻት። ወይ ፍንክች!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀጉር ቤቱ ጥግ ተቀምጣ እያንጎላጀች፣ እንዳይወስዳት እጇን ስትቆነጥጥ እናቷ አየቻት።

“ኧረ ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ለምን አትተኚም?”

“ብሞትስ? ባለፈው ጋሽ ሙህዲን ስለነበረ ተነሳሁ። ማታ ግን ሱቁ ዝግ ነው።”

ካሰች ማበጠሪያውን ደንበኛዋ ራስ ላይ እንደሰካች ትታ ልጇን እጇን ይዛ ሱቁ ድረስ ወሰደቻት።

“ጋሽ ሙህዲን፣ እባክዎ ይንገሯት። አልሞትሽም ይበሏት።”

ሙህዲን ጎንበስ አለላት። “ሀሴትዬ፣ እኔ ነፍስ ዘራች ነው ያልኩት። ጓሮዬ ያለው ጎመን ፀሐይ አጠውልጎት ውሃ ሲጠጣ ቀና ይላል። ያኔም ነፍስ ዘራ እላለሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ቻርጅ ሲያገኝም እንደዚያው። ሞተው ነበር ማለት ነው እንዴ? ደክሟቸው ነበር፣ በረቱ።”

ሀሴት በጥሞና ሰማችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። “ማሚ ግን ሞታ ነበር ብላለች። ለሁሉም ሰው ነው የነገረችው።”

ሙህዲን ቀና ብሎ ካሰችን አያት። “ከረሜላውን እኔ አወጣሁት፣ ካሰች። ይሄኛውን የሰነቀርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አውጪው።”

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ካሰች ማይክ ይዛ መድረኩ ላይ ቆመች። ነገ እነዚህ ሁሉ ሴቶች ቀጣፊ ሊሏት ነው። ደንበኞቿ ናቸው፣ እንጀራዋ ናቸው። ሀሴት ከፊት ወንበር ላይ ደም በመሰለ ዓይኗ ታያታለች።

“ልጄ አልሞተችም” አለች ካሰች።

ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

“ከረሜላ ጉሮሮዋን ዘጋት። ደንግጬ ሞተች ብዬ ጮህኩ። ኋላ ደግሞ ወሬው ሲጣፍጠኝ ሞታ ተነሳች አልኩ። ዋሽቻለሁ። ጌታ ጎረቤቴን ሙህዲንን ከጎኗ አድርጎ አተረፈልኝ። የማመሰግነው በዚህ ነው።”

“ታዲያ ምኑ ነው ተአምሩ?” ሲል ከኋላ አንዱ አጉተመተመ። ፅጌ አቀርቅራለች። ወንጌላዊ ኢዮስያስ ማይኩን ተቀብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና “እንግዲህ አሜን እንበል” አሉ። ቀዝቃዛ አሜን ተባለ። ካሰች ፊቷ እሳት እንደነካው እየነደደ ወርዳ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

“ማሚ፣ እውነት አልሞትኩም ነበር?”

“አልሞትሽም፣ የኔ እናት። ትንፋሽ አጥሮሽ ነበር፣ ዳንሽ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።”

“እሺ” አለች ሀሴት።

መዘምራኑ ተነሱ፤ የድምፅ ማጉያው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ካሰች ብቻ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ፅጌ ከኋላ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ራስ ልትዳብስ እጇን ሰደደች። ካሰች እጇን ቀስ አድርጋ ያዘቻት።

“ተያት፣ ፅጌዬ” አለቻት። “ተኝታለች።”