ሳጥኑ የዋጠው ዜሮ

የመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ድርግም ይላል። ምክንያቱን ዛሬ ካላገኘች ሥራው ለሌላ ድርጅት እንደሚሰጥ አለቃዋ ለቴክኒሻኗ ቁርጡን ነግረዋታል። በመስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ የሚቀዳ ሶፍትዌር ከከፈተች ሰንብታለች፤ ቅጂው ግን ሁልጊዜ ኢንተርኔቱ ከመጥፋቱ በፊት ሞልቶ ይቆማል።

«አምስት ሺህ ሜጋባይት ሳይሞላ አትቁም ብዬዋለሁ እኮ!» አለች።

«እስቲ እያየሁሽ ጻፊ» አላት አጠገቧ የሚቀመጠው፣ በወሬኛነቱ «ሬዲዮ» የሚሉት ባልደረባዋ።

አምስትን ነካች፤ ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ስክሪኑ ላይ ያለው የቁጥር መጻፊያ ሳጥን ሦስት አሃዝ ብቻ ተቀብሎ የመጨረሻዋን ዜሮ ትንፍሽ ሳይል ዋጣት።

«አምስት መቶ ነው እኮ የሚለው!» ሬዲዮ በሳቅ ፈነዳ። «አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ ስትጽፊ ጣትሽን ነበር የምታዪው?»

እውነትም ጣቷን ነበር የምታየው።

«ዝም በል አንተ!» ብላ ሜጋባይት የሚለውን ወደ ጊጋባይት ቀየረችና አምስትን ብቻዋን ጻፈች።

ከምሳ በኋላ ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ ጠፋ። ቢሮው ሁሉ «ኤጭ!» አለ። አለቃዋም በሩን በርግደው ገቡ።

«ጠፋ እኮ!»

ቴክኒሻኗ ስክሪኑን አየች። ቅጂው አልቆመም።

«እሰይ!» አለቻቸው። «ዛሬ ሲጠፋ ተይዟል።»