በቀን አንድ ሚሊሜትር

ሸዋገነት ሸማ ተራ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጋቢና ነጠላ ስትሸጥ ጨርቅ በዓይኗ መርምራ ገዝታ አታውቅም። ሸማኔ ሲመጣ ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞርና የጋቢውን ጠርዝ በቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ይዛ አንድ ጊዜ ታሻዋለች። «ማጉ የእጅ ፈትል ነው» ካለች ጋቢው ይገዛል። የፋብሪካ ክር የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ውሃ እንደነካው ሰው ጣቶቿን ታራግፋለች፤ ሸማኔውም ሳይከራከር ጨርቁን አጥፎ ይሄዳል።

ይህን ያስተማረቻት ከእርሷ በፊት ሱቁን የያዘችው እናቷ ናት። እናቷ ብዙ ሕግ ነበራት። አንዱ ለሬሳ የተመረጠ ጨርቅ ወደ ክምሩ እንዳይመለስ ነበር፤ ወይ ከሬሳው ጋር ይወጣል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠ ይሰጣል። ለምን ሲሏት «የተመረጠ ነገር ባለቤቱን ይጠብቃል» ትል ነበር።

በሐምሌ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ሸዋገነትን የሱቋ ደፍ አዳለጣት። ስትወድቅ እጇ የነጠላ ማሳያውን መስታወት ሰብሮ ገባ። ሐኪሙ የእጅ አንጓዋ ላይ አራት ጅማትና አንድ ነርቭ ሰፋ። ነርቩ ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣትና ለመሃል ጣት ስሜት የሚሰጠው ነው። «ከስፌቱ ተነስቶ እንደ አዲስ ያድጋል፤ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል» አላት። ነሐሴ ላይ ግን ቁስሉ አመረቀዘ። ዘጠኝ ቀን ትኩሳት ላይ ሆና ሰው አልለየችም። ሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ጥገና ገብታ ቁስሉ ታጠበ፤ ዳነች።

ሱቁን የያዘችው ሀና ነበረች፤ የወንድሟ ልጅ፣ እርሷው ያሳደገቻት፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት። ሀና ጎበዝ ሻጭ ናት፤ ግዢ ላይ ግን ዓይኗን ታምናለች። መስከረም ላይ የፋብሪካ ክር የተቀላቀለበት አርባ ጋቢ ገዝታ ደንበኛ መለሰባት።

«እስከ ጥምቀት እንጠብቅ እትዬ» አለች። «ጣትሽ ካልተመለሰ ግን ግዢውን ለእኔ ተዪልኝ፤ ሌላ ዘዴ ልፈልግ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ሰው ታጫውቻለሽ።»

በፍቅር ነው ያለችው። ሸዋገነት ግን ቁጭ ብሎ ሰው ማጫወት ምን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷ የመጨረሻ ሁለት ዓመቷን እዚያው በርጩማ ላይ ሰው ስታጫውት ነው ያለፈችው።

ረቡዕ ረቡዕ ወደ ፊዚዮቴራፒ ትሄዳለች። ሙሚና የምትባል ረጋ ያለች ወጣት ከአንጓዋ ጀምራ መዳፏን በጣቷ ጫፍ መታ መታ ታደርጋለች። እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝራት ቦታ ላይ ስትደርስ በእስክሪብቶ ሰማያዊ ነጥብ ታኖራለች፤ ነርቩ የደረሰው እዚያ ድረስ ነው። ነጥቦቹ ሳምንት በሳምንት ወደ ጣቶቿ ወረዱ። ከዚያ ሩዝ የሞላ ሳህን ውስጥ አዝራር፣ ባቄላና የቁልፍ መያዣ ደብቃ ዓይኗን አስጨፍና ታስፈልጋታለች።

«ስሜቱ ሲመለስ መጀመሪያ ያጭበረብራል» አለቻት። «ደረቁን እርጥብ ነው ይልዎታል። ሌባ ጣትዎ ተነክቶ አውራ ጣቴ ነው ይላሉ። አይደንግጡ።»

«የተበጠሰ ድር አሳስተው እንደቀጠሉት ነዋ።»

«ሸማኔ ነዎት እንዴ?»

«ሸማኔ ሊያታልለኝ ሲሞክር የኖርኩ ነኝ።»

ሙሚና ሳቀች፤ የቤት ሥራም ሰጠቻት። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሀና በእርሳስ ላጲስ የጣቷን ጫፍ ትነካለች፣ እርሷ የትኛው ጣት እንደሆነ ትናገራለች።

ኅዳር ላይ፣ ገበያ ቀዝቀዝ ባለበት የከሰዓት ሰዓት፣ ሱቁ ውስጥ ይህንኑ ይዘው ነበር። ፊት ለፊት ክርና አዝራር የሚሸጠው ኢምራን ደፉ ላይ ቆሞ ያያል።

«አውራ ጣት» አለች ሸዋገነት።

«ትክክል።»

«መሃል ጣት።»

«ሌባ ጣት ነበር።»

«እትዬ ሸዋዬ፣ ጣቱ ካልመለሰልዎት ስልክ ይደውሉለት» አለ ኢምራን።

«አንተ መጀመሪያ የተበደርከውን መቀስ መልስ።»

«እሱማ ኔትወርክ የለውም» ብሎ እየሳቀ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

«ቀጥዪ» አለች ለሀና። ዓይኗን እንደጨፈነች ጠበቀች። «እ፣ ሌባ ጣት። ምነው ታሺዋለሽ? ቀስ በዪ እንጂ።»

መታሸቱ ቀጠለ።

«ሀና፣ ቀስ በዪ።»

«እትዬ» አለች ሀና፣ «ገና አልነካሁሽም።»

ሸዋገነት ዓይኗን ገለጠች። እርሳሱ ሀና ጉልበት ላይ ተቀምጧል፤ ሀና ስልኳ ላይ መልእክት እየጻፈች ነበር። የሸዋገነት ጣት ባዶ አየር ላይ ተዘርግቷል። መታሸቱ ግን አላቆመም። አንድ ጊዜ ወደ ፊት ሄደ፤ ቆም አለና ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህን አስተሻሸት ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። አንድ ሰው ጣቷን በሁለት ጣቱ መሃል ይዞ ከምን እንደተሠራች እየመረመረ ነበር።

ረቡዕ ለሙሚና ነገረቻት። «ነርቭ ሲያድግ እንደዚህ ያደርጋል» አለች ሙሚና፣ ወረቀቷ ላይ እየጻፈች። «ለእርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ሊገዛ የመጣ ሰው።»

ሙሚና በድጋሚ ሳቀች። ሸዋገነት አልሳቀችም። አንድ ነገር አስተውላ ነበርና፦ ጣቶቹ ቤቷ አይመጡም፤ ሆስፒታልም አይመጡም። የሚመጡት ሱቁ ውስጥ፣ ከጋቢው ክምር አጠገብ ስትቀመጥ ብቻ ነው።

ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀር ፈተናው ደረሰ። ሀና ደንበኛ ከመለሰባትም ቀላቅላ ከክምሩ ሰባት ጋቢ አውጥታ አግዳሚው ላይ ደረደረች። ኢምራን ዳኛ ሆነ፤ የሸዋገነትን ዓይን በነጠላ ሲያስር «ካዩ ቅጣት ምት ነው» አላት።

የመጀመሪያውን ጋቢ ያዘች። ምንም የለም። ጣቷ እንጨት ነው፤ እንጨት ጨርቅ ላይ ይሄዳል። ስድስት ወር ለዚህ ነው አለች በልቧ። በርጩማው ታያት።

ያን ጊዜ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ መጥተው በጣቶቿ ላይ ዐረፉ። ጣቶቿን ይዘው ጨርቁን አንድ ጊዜ አሹና ለቀቁ።

«የእጅ ፈትል» አለች ሸዋገነት።

«ትክክል!» አለች ሀና።

ሁለተኛው ላይ ጣቶቹ አሹ፤ ከዚያ እጇን ይዘው አራገፉት፤ ልክ ውሃ እንደነካው ሰው።

«የተቀላቀለ ነው።»

«ትክክል!»

ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን እንዲሁ አለፈች። ኢምራን አጨበጨበ። ሰባተኛውን ስትይዝ ጣቶቹ አሹ፤ ግን አልለቀቁም፤ አላራገፉምም። ጨብጠው ቆዩ። ከጣቷ ጫፍ ተነስቶ ብርድ ወደ መዳፏ ገባ።

«ይሄን ለማን ነው የመረጣችሁት?» አለች።

ነጠላውን ከዓይኗ አወረደች። ሀና ፊቷን ሸፍናለች።

«ነሐሴ ላይ» አለች ሀና፣ «ዶክተሩ መርዙ ደሟ ውስጥ ገብቷል፣ ተዘጋጁ ሲለን። ምርጡን መረጥኩልሽ፣ እትዬ። ከዚያ ዳንሽ።»

«ወደ ክምሩ መለስሽው?»

«ምን ላድርገው? ለነዳያን ብሰጠው ሞተሻል ማለት መሰለኝ። እንዳልመረጥኩት ለማድረግ አጥፌ መለስኩት።»

ኢምራን ቀስ ብሎ ወጣ። ሸዋገነት አልተቆጣችም። ሀናን አቅፋ ጋቢውን አጠፈች፤ በማግስቱ ጠዋትም በብብቷ ይዛው ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ደጁ ላይ አንዲት አሮጊት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። እጇ ጨርቁን እንደለቀቀ ጣቶቹም ለቀቋት። በቅጽበት ሄዱ። ሸዋገነት የለበሰችውን ነጠላ ጠርዝ ይዛ አሸች። እንጨት። ደግማ አሸች። ምንም።

አሮጊቷ ይመርቋታል፤ እርሷ ግን ምርቃቱን አትሰማም። ኢምራን ሲያጨበጭብ፣ ሸማኔዎች ከአውቶቡስ ተራ በኩል ሸክማቸውን ይዘው ሲመጡ፣ በርጩማው ጥግ ላይ ሲጠብቃት ታያት።

«እናቴ» አለች፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተሳስቼ ነው። ሌላ፣ ወፍራም፣ አመጣልዎታለሁ።»

የሰጡትን ምጽዋት መልሶ መውሰድ ነውር መሆኑን ታውቃለች። አሮጊቷ ሳይቀየሙ አውልቀው ሰጧት።

«ውሰጂው ልጄ። እኔንም አላሞቀኝ። ሰው ያለበት ጋቢ ነው።»

ሱቅ ስትገባ ሀና «ሰጠሽው?» አለቻት።

«ሰጠሁት» አለች። ጋቢውን ግን ሀና ሳታይ በአግዳሚው ስር፣ በጆንያ ጠቅልላ፣ ወደ ውስጥ ገፍታው ነበር። ለአሮጊቷ በዚያው ቀን ሌላ ጋቢ ወሰደች።

ከጥምቀት በኋላ ግዢው ወደ እርሷ ተመለሰ። ሸማኔ ሲመጣ ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች፤ ጣቶቹ ይመጣሉ፤ ያሻሉ፤ ይለቃሉ ወይም ያራግፋሉ። አንድም ስህተት የለም። ኢምራን ለሶማሌ ተራ ነጋዴዎች ሳይቀር «የእኛ እትዬ ተመልሰዋል» እያለ ያወራል። ሙሚናም የመጨረሻዋን ሰማያዊ ነጥብ ጣቷ ጫፍ ላይ አኑራ «ነርቩ ደርሷል። ከዚህ በኋላ የሚሄድበት ቦታ የለም» አለቻትና መዝገቧን ዘጋች።

በሳምንቱ፣ ገና በጠዋቱ፣ ሸዋገነት መታሸቱን ከጣቷ ሌላ ቦታም አገኘችው። አንጓዋ ላይ፣ ከጠባሳው ከፍ ብሎ፣ መስታወት ባልነካው ቆዳ ላይ ነበር። የሀናን እስክሪብቶ አንስታ ነጥብ አኖረች። ከአሥር ቀን በኋላ ሌላ አኖረች። ሁለቱን ነጥቦች በሜትር ለካቻቸው፤ በመሃላቸው አንድ ሴንቲሜትር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ረጅም እጅጌ ትለብሳለች። ዕድሜዋን ጨርቅ በክንድ ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ ከአንጓ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ ብብት፣ ከብብት ወደ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚሆን ማስላት አይከብዳትም። አላሰላችውም። ጆንያውን ከአግዳሚው ስር ጎትታ ወደ ራጉኤል ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነስታ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሸማኔ መጣባት።

ለፋሲካ ገበያ ሱቁ ሞልቶ፣ ሸማኔዎች በር ላይ ተሰልፈው፣ ሙቀቱ ጨምሮ ነበር። ሸዋገነት ሳታስበው እጅጌዋን ሰበሰበች። ሀና ክንዷን ያዘች።

«ይሄ ሁሉ ነጥብ ምንድን ነው?»

«ነርቩ ነው። እያደገ ነው።»

ሀና ነጥቦቹን ከጠባሳው ጀምራ በጣቷ ተከተለቻቸው። አራት ጣት ያህል ሄደዋል።

«ወደ ላይ ነው እንዴ የሚያድገው?»

ሸዋገነት እጅጌዋን አወረደች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ እጇን ዘረጋች።

«ቀጣዩን አምጣ» አለችው ሸማኔውን።