የእህቴ የጸሎት ርዕስ

ጸጉር ሠሪ ነኝ። ሹሩባ ስጎነጉን ሁለቱም እጄ ስለሚያዝ ስልኬን መስተዋቱ ሥር አስደግፌ፣ በትንሿ ጣቴ ነካ አድርጌ፣ መልእክቴን በድምፅ ነው የምልከው። የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ፊደል ሲለቅም ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። እኔ ግን አፌ ከተከፈተ በቃ፣ ሄደ ማለት ነው።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው ከፊት ለፊታችን ባለው ፋርማሲ የምትሠራ ባለሙያ ነበረች። ግማሽ ጸጉሯን እንደሠራሁ ለጸሎት ቡድናችን እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «እህቶቼ፣ አንድ የጸሎት ርዕስ አለኝ። የእናቴን ልጅ አስቡልኝ። ሐኪም ልጅ መውለድ ላይሆንልሽ ይችላል ብሏታል። ባሏ ገና አልሰማም፤ ቅዳሜ ከሥራ ቦታው ሲመጣ ልትነግረው ነው። ጌታ ቃል እንዲሰጣት ጸልዩ።»

የፋርማሲዋ ባለሙያ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። «ፈቅዳልሽ ነው?» አለችኝ። «እኛ ጋ የበሽተኛ ነገር እንዲህ ከወጣ ከሥራ ያስባርራል።»

«ወሬ መሰለሽ እንዴ? ጸሎት እኮ ነው» አልኳት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እህቴ ሰኞ ዕለት እያለቀሰች ስትነግረኝ «ከሆድሽ እንዳይወጣ» ብላኝ ነበር። ባሏ ከሌላ ሰው ከሰማው «ደብቃኝ ኖሯል» ይላል፤ እሷ የምትፈራው ከሐኪሙ ቃል በላይ ይሄንን ነው። ቃሌን ሰጥቻታለሁ። ግን ስም አልጠራሁም፣ ደግሞስ ለጸሎት የተነገረ ነገር ሐሜት አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የእናቴ ልጆች ሁለት ብቻ መሆናችንን ቡድኑ በሙሉ ያውቃል።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የእህቴ አማት ገቡ። ደንበኛዬ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ የልጅ ልጅ ሲጠብቁ የኖሩ፣ ልጃቸውን በቀን ሁለቴ ካልደወሉለት ውሃ የማይጠጡ ሴትዮ ናቸው። ጸጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልዬ ማድረቂያው ሥር አስቀመጥኳቸውና ወደ ሹሩባዬ ተመለስኩ። እሳቸውም ኤርፎናቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

«ሰብሳቢያችሁ ትናንት እናንተ ቡድን ውስጥ አስገባችኝ» አሉ። «እስቲ የጸሎቱን ርዕስ ልስማ።»

ክው አልኩ።

የድምፅ መልእክቶቹ በተራ ነው የሚከፈቱት። የኔ አራተኛ ነበር። ማድረቂያው ስለሚጮህ ሴትዮዋም እየጮኹ ነው የሚያወሩት። «ለጉልበቷ ነው፤ አሜን» አሉ። አንደኛው አለቀ ማለት ነው። ሁለተኛው የልጅ ፈተና ነበር፤ ለእሱም አሜን አሉ። እጄ የፋርማሲዋ ባለሙያ ጸጉር ውስጥ ነው፣ ጉንጉኑን ብለቀው ይፈታል። ፈራሁ። በእውነት ፈራሁ። ለቀቅኩት።

ስልኬን አነሳሁ። ጣቴ በጸጉር ቅባት ስለራሰ አልታዘዝ አለኝ። ሽርጤ ላይ ጠርጌ ስመለስ «ለዘማሪዋ ጉሮሮ፤ አሜን» ሲሉ ሰማሁ። መልእክቴን ተጭኜ ያዝኩት። ከሁሉም ሰው ይጥፋ ወይ ብሎ ስልኩ ጠየቀኝ። ከሥሩ የተደረደሩት «አሜን» እና ልቦች ዓይኔ ላይ ተንጫጩብኝ። አጠፋሁት።

ሴትዮዋ ኤርፎናቸውን ከጆሯቸው ነቀሉ። ማድረቂያውን ራሳቸው ገፍተው ብቅ አሉ።

«ያንቺ ድምፅ ነበር። 'የእናቴን ልጅ አስቡልኝ' ብለሽ ተቋረጠ። ምን ሆነች?»

ጉንፋን የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። መዋሸት ያን ያህል አይቸግረኝም፤ ያለሁት ጸጉር ቤት ነው፣ በቀን አሥር ሰው «አማረብሽ» እላለሁ። ግን ከቡድኑ አሥራ አንድ ሰው ሰምቶታል። ዛሬ ጉንፋን ብላቸው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዷ እህቴን «አይዞሽ» ስትላት እውነቱ ይወጣል። ያኔ የምትዋረደው እህቴ እንጂ እኔ አይደለሁም።

«እማማ» አልኩ፣ «በአደራ የነገረችኝን ነው ያወጣሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ራሷ እስክትነግርዎ ድረስ አይጠይቁኝ።»

«ታማለች?»

«አልመልስም።»

«ልጄ ያውቃል?»

«አልመልስም፣ እማማ።»

ቢጎዲኑን እንደጠቀለሉ ተነስተው አጠገቤ ቆሙ። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው። «ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ» አሉ። «እሷ ካልደወለችልኝ ለልጄ እደውላለሁ። ሚስቱ ምን እንደሆነች የመጠየቅ መብት አለው።»

የፎጣ ማስቀመጫዋ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ደወልኩ። እህቴ አስተማሪ ናት፤ ስታነሳው ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል።

«ቶሎ በይ፣ ክፍል ልገባ ነው።»

ነገርኳት። ሳላሳምር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጫጫታው እየራቀ ሄደ፤ ወደ ሆነ ጥግ እየሄደች ነበር።

«ስንት ሰው ሰማው?»

«አሥራ አንድ። ወንበሬ ላይ ያለችውም ሰምታለች።»

«አማቴስ?»

«መጀመሪያውን ብቻ። ግን ሩብ ሰዓት ነው የሰጡኝ። አሁን አሥር ደቂቃ ቢቀረው ነው።»

«እጁን ይዤ ልነግረው ነበር የፈለግሁት» አለች። «በስልክ ስነግረው ፊቱን አላየውም። ከሱ ፊት በቀር ምንም አያረጋጋኝም ነበር።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝምና «ለክፉ አልነበረም እኮ» አልኩ። «እንዲጸለይልሽ ብዬ ነው።»

«ሰኞ ነው የነገርኩሽ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ከሰኞ ወዲህ አንቺ ራስሽ ጸልየሽልኛል?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ሰኞ ስታለቅስ አቅፌያታለሁ። ማክሰኞ ስለ እሷ ሳስብ ነው የዋልኩት። ረቡዕ ጥሩ ሐኪም አጠያይቄላታለሁ። ዛሬ መልእክቱን ስቀዳ ድምፄን እንኳ ለስለስ አድርጌላታለሁ። ተንበርክኬም ሆነ ቆሜ፣ አውቶቡስ ውስጥም ቢሆን፣ እግዚአብሔር ፊት ስሟን የጠራሁበት አንዲት ደቂቃ ግን ፈልጌ አጣሁ።

«አልጸለይኩም» አልኳት።



«እንግዲያው ስልኩን ዝጊልኝ» አለች። «ለባሌ ልደውልበት።»