ሰፊው የመስኮት ጥላ

አደም ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር ከቆርቆሮ ኩራዝና የውሃ ጣሳ እየሠራ ይኖር ነበር። የአባቱ አገር አሊዩ አምባ ነው፤ ወደ ሮቢት የወረደው ሙሀባን ካገባ በኋላ ነው። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ የጣርማ በር መንገድ በሚሠራበት ጊዜ፣ ወታደሮች ከነመዶሻውና ከነመቀሱ ከገበያ አንስተው በሽቦ በታጠረ ካምፕ ውስጥ አስገቡት። ሥራው የተቀደደ በርሜልና የተጎዳ መኪና መጠገን ሆነ። ከአጥሩ መውጣት አልተፈቀደለትም። ሙሀባ በየቀኑ ጠዋት ምግቡን በጨርቅ ቋጥራ ትመጣለች። ዘበኛው ቋጠሮውን በርብሮ ያቀብለዋል፤ እሷ በሽቦው መሃል ጥቂት አይታው ትመለሳለች። አምስት ወር እንዲህ አለፈ።

የካምፑ አዛዥ ሁሉም ካፒታኖ የሚሉት አጭር ጣሊያን ነበር። ከኋላዋ ክፍት የሆነች ትንሽ ካሚዮን አለችው፤ በሳምንት ሁለት ቀን በእሷ ተራራው ወደሚፈለፈልበት ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ቆላው ላይ መስታወቱን ከዘጋ ጋቢናው እሳት ይሆንበታል። ከፍቶ ሲወጣ ደግሞ ደብረ ሲናን አለፍ እንዳለ ዝናቡ ከጎን እየገባ ካርታውንና ጭኑን ያረጥበዋል። ክረምቱ ሲበረታ አደምን አስጠራና ዝናብ የሚከለክል፣ ነፋስ ግን የሚያስገባ አንድ ነገር ከመስኮቶቹ በላይ እንዲሠራለት አዘዘው።

ትእዛዙን ያስተረጎመው ሹፌሩ ጀይላን ነው። ጀይላን የማጀቴ ሰው ነው፤ አሰብ ወርዶ መኪና መንዳትና ጣሊያንኛ ተምሯል። ጣሊያኖቹ ማጀቴ ድረስ ሄደው ከእናቱ ቤት ነው ያመጡት። ካምፑ ውስጥ የሚሰግዱ እሱና አደም ብቻ ስለነበሩ ተቀራርበው ነበር። ዳቦ ከተሰጠው ግማሹን ለአደም ያመጣል።

አደም በመጀመሪያ የበሬ ቆዳ ወጥሮ ሞከረ። ቆዳው በአንድ ዝናብ ረጥቦ እንደ ጆሮ ተንጠለጠለ። ከዚያ ከሣጥን እንጨት ሠራ፤ እሱም በኮረኮንቹ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ የቤንዚን በርሜል ቀድዶ ሁለት ዓይነት የመስኮት ጥላ አበጀ። አንዱ አራት ጣት የሚሆን ጠባብ ነው፤ ሌላው ከስንዝር አልፎ ወደ ታች የተደፋ ሰፊ ነው። ሁለቱንም በየተራ ገጥሞላቸው ካፒታኖውና ጀይላን ወጥተው ተመለሱ። በጠባቡ ትንሽ ፍንጣቂ ይገባል። በሰፊው አንዲት ጠብታ አልገባችም፤ ነገር ግን ጀይላን ሲመለስ አንገቱን እያሸ፣ ከገደሉ በላይ ያለውን ለማየት መሪው ላይ መደፋት እንዳለበት ነገረው።

በማግስቱ ወልደማርያም ከሰል ይዞ መጣ። ወልደማርያም የቀወት ገበሬ ነው፤ ለካምፑ ከሰል እንዲያስገባ ወረቀት ተሰጥቶታል። ጆንያውን ከአህያዋ ላይ እያወረደ፣ ፊቱን ወደ አደም ሳያዞር፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ሰፊውን አስመርጠው። ከደብረ ሲና በታች ካለው የመንገድ ጥምዝ ላይ ሰዎቻችን ካፒታኖውን ሁለት ጊዜ ጠብቀውታል። በመነጽር ሽቅብ እያየ ሁለቴም አመለጣቸው፤ ሰፊው ይጋርደዋል።»

አደም ስለ ሹፌሩ ጠየቀው።

«ሹፌሩ የእነሱን እንጀራ የሚበላ ሰው ነው» አለ ወልደማርያም።

«እኔስ የማንን እየበላሁ ነው?»

ወልደማርያም ከሰሉን መገልበጥ ጀመረ። ጆንያውን አራግፎ ሲያበቃ፣ ቀኑ ሲደርስ አስቀድመው ሙሀባን ወደ አሊዩ አምባ እንደሚያሻግሩለት፣ የሚተኩሱትም ሰዎች ቆርቆሮ ሠሪው ማን እንደሆነ እንደሚያውቁና ቢያገኙት እንደማይነኩት ነገረው። እንቢ ቢል ምን እንደሚሆን አልተናገረም። አደምም አልጠየቀም። ከጣሊያን ካምፕ ወጥቶ ባንዳ ነው ከተባለ መግቢያ እንደሌለው ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ካፒታኖው ሁለቱን ጥላዎች ካሚዮኗ አፍንጫ ላይ አስቀምጦ ጠራው። ጀይላን መሃላቸው ቆመ። ካፒታኖው ጠባቡን አንስቶ አገላበጠ፣ ሰፊውን አንስቶ አገላበጠ፤ ከዚያ በጣቱ አደምን አመለከተና ተናገረ።

«አንተ የሠራኸው ነህና አንተ ምረጥ ይላል» አለ ጀይላን። ቀጥሎም ፊቱን ሳይለውጥ፣ ያው የትርጉሙ ክፍል አስመስሎ፣ «ጋሽ አደም፣ ጠባቡን በልልኝ። በሰፊው ዓይኔ ታስሮ ነው የምነዳው» አለው።

አደም ቆርቆሮዎቹን አየ። ካፒታኖው እያየው ነው። ከአጥሩ ማዶ ወልደማርያም አህያዋን ጭኖ ሊሄድ ገመድ እያጠበቀ ነበር። ጠባቡ ይሻላል ማለት ቀላል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው።

«ሰፊው» አለ።

ጀይላን ትንሽ ዘገየ። አደም ሌላ ነገር ብሎ የሚተረጉም መስሎት ነበር፤ እንዲያደርገውም በልቡ ለመነ። ጀይላን ግን ወደ ካፒታኖው ዞሮ ቃሉን እንዳለ አስተላለፈ። ካፒታኖው ራሱን ነቀነቀና ረዘም አድርጎ ተናገረ።

«ጥሩ ነው ይላል። ግን ብሎኑ ቢላላ የሚያጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ከእንግዲህ በወጣን ቁጥር አንተ ከኋላ ትጫናለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደም በሳምንት ሁለት ጊዜ ክፍቱ ጭነት ላይ፣ በሲሚንቶ ከረጢቶች መሃል ተቀምጦ ይወጣ ጀመር። አጠገቡ አንድ ጣሊያናዊ ወታደር ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። ጥምዙ ጋ ሲደርሱ ገደሉ አናት ላይ ያለ ድንጋይ ሁሉ ለአደም ሰው ይመስለዋል። ቀና ብሎ እንዳያይ ወታደሩን ይፈራል፤ እንዳያጎነብስም ያንኑ ይፈራል። ከዚያ ጥምዙ ያልፋል፣ ጉሙ ይውጣቸዋል፣ ጣርማ በር ይደርሳሉ። ሲመለሱ ያው ነው። ስምንት ጊዜ ወጣ፣ ስምንት ጊዜ ወረደ፤ ምንም አልሆነም።

አንድ ቀን ካሚዮኗን እያጠቡ ሳለ ጀይላንን ይህን ሥራ ለምን ጥሎ እንደማይጠፋ ጠየቀው። ጀይላን ጨርቁን እየጨመቀ፣ «ወላሂ በየቀኑ አስበዋለሁ። ግን እናቴ ያለችበትን ቤት ያውቁታል» አለ። አደም ሊነግረው አፉን ከፍቶ፣ ቢነግረውና ጀይላን ቢፈራ፣ ቢያዝ፣ ቢገረፍ ብሎ አሰበ፤ ወልደማርያምን፣ ሙሀባን፣ ገደሉ ላይ ያሉትን አሰበ። የመስታወቱን ጭቃ መጥረግ ቀጠለ።

በዘጠነኛው ጉዞ ቀን ጠዋት ሙሀባ አልመጣችም።

አደም የካምፑ በር ጋ ቆሞ መንገዱን አየ። እህል የጫኑ ሁለት ሴቶች አለፉ። እሷ የለችም። ታማ ቀርታ እንደሆነ ለራሱ ሊነግር ሞከረ፤ ካምፕ ከገባ ጀምሮ አንድም ቀን ቀርታ እንደማታውቅ ግን ያውቃል። ዞር ሲል ጀይላን ሞተሩን አስነስቶ፣ ክንዱን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ካፒታኖውን እየጠበቀ ነበር።

«ዛሬ አሞኛል በል» አለው አደም ተጠግቶ።

«ምን ሆንክ?»

«ጉሙ ከባድ ነው።»

«ጉም ያልነበረበት ቀን አለ እንዴ?» አለ ጀይላን። ከዚያ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው። የሆነ ነገር ሊጠይቅ ያሰበ ይመስል ነበር። ካፒታኖው ካርታውን በብብቱ ይዞ ወጣ፤ ጀይላንም መሪውን ያዘ። አደም ከኋላ ተሰቀለ።

ጥምዙ ላይ ጉም አልነበረም። ዝናቡ በጎን ቢወርድም ሰፊው ጥላ ስለሚከልል ሁለቱም መስኮቶች ተከፍተዋል። የመጀመሪያው ጥይት ከላይ መጥቶ አጠገቡ ያለውን ወታደር ጣለው። ቀጥሎ ብዙ ተኩስ ጋቢናው ላይ ወረደ። ካሚዮኗ ወደ ተራራው ጎን ተንሸራትታ ቦዩ ውስጥ ገባችና ቆመች። አደም በከረጢቶቹ መሃል ተደፍቶ እስኪያበቃ ጠበቀ።

ሰዎቹ እየሮጡ ሲወርዱ እሱ አስቀድሞ የጋቢናውን በር ከፈተ። ካፒታኖው ወደ ጎን ተደፍቶ ሞቷል። ጀይላን ገና ይተነፍስ ነበር። አደም አቅፎ አውጥቶ መሬት ላይ አስተኛው፤ ጆሮው ጋ ሸሃዳውን፣ የእምነቱን ምስክር ቃል፣ አሰማው። ጀይላን ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ወዲያው ነፍሱ ወጣች። ወልደማርያም ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ክንዱን ጎተተው፤ ከታች ሌላ መኪና ይሰማ ነበር። የጀይላንን ዓይኖች ለመክደን እንኳ ጊዜ አልሰጡትም።

አደም ሦስት ዓመት በዱር ኖረ። ሙሀባ አሊዩ አምባ በዘመዶቹ ቤት ነበረች፤ አልፎ አልፎ ያያታል። አርበኞቹ ያከብሩት ነበር፤ ስለ መስኮቱ ጥላ በሳቅ ሲያወሩ እሱ ተነስቶ ይሄዳል። ሹፌሩን ማንም በስሙ አይጠራውም። ከእነሱ መሃል በዘጠኙም መንገድ ከጀይላን ጀርባ ተቀምጦ የሄደው አደም ብቻ ነው።

ጣሊያን በወጣ በወሩ ለሙሀባ ሁሉንም ነግሯት ወደ ማጀቴ ሄደ። የጀይላንን እናት እትዬ ዓይሻን ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ማሽላ ስትለቅም አገኛት። ሰላምታ ሰጥቶ ማን እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ከቆዳው ጀምሮ እስከ ጥምዙ ድረስ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ጠባቡን እንዲል ልጇ እንደለመነውም ነገራት።

እትዬ ዓይሻ እጇ ማሽላው ላይ እንዳለ ሰማችው።

«ያን ዕለት ጠዋት ብትነግረው ኖሮ ይሸሽ ነበር?» አለችው።

«አላውቅም፣ እትዬ። አልነገርኩትም።»

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገች። እየከበዳት ተነስታ ከጓዳ ውሃ በጣሳ አመጣችና ከፊቱ አስቀመጠች።

«የዙሁር ሶላት ደርሷል» አለች። «ውዱእ አድርግና ስገድ።»

አደም በውሃው ታጥቦ ግቢዋ ውስጥ፣ ግድግዳው ጥግ ሰገደ። ጨርሶ ሲዞር ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። ትወጣ እንደሆነ ብሎ እስከ አስር ሶላት ድረስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። በሩ አልተከፈተም። የቀረውን ማሽላ ለቅሞ ሰፌዱን ሸፈነላት፤ ከዚያ ወደ ሮቢት የሚወስደውን መንገድ ያዘ።