ጥፍሩ ያልያዛት ጥይት

ጠመንጃ ሠሪ ነኝ። ሴት መሆኔን አይተው በር ላይ የሚያቅማሙ ደንበኞች አሉ፤ የሚያቅማሙት ግን ጠመንጃቸውን ፈትቼ እስክገጥም ድረስ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላል እንጂ ብረት ከማስርበት ሞርሳ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሥራ ሲያስፈታኝ ይውላል።

የዚያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የአደን ጠመንጃዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ስም ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የብዙ ዓመት ልዩነት አለ። አሮጌው የአባቴ፣ አዲሱ የታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ አዳኞችን እየመራ ጫካ ያስገባል። አንድ እንግዳ አዳኝ ያቆሰለው ጎሽ ስላመለጠ፣ በማግስቱ ማለዳ ወንድሜ ዱካውን ተከትሎ ሊጨርሰው ነው። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ሥራዬ የትኛውን ይዞ እንደሚገባ መወሰን ነበር።

"የኔን ይዞ ይገባል፤ አለቀ ደቀቀ!" አለ አባቴ። "ያኛው የልጆች መጫወቻ ነው።"

"አባባ፣ እስቲ አንዴ ልያቸው።"

"እይያቸዋ! ዓይን ካለሽ።"

አየኋቸው። አሮጌው ያምራል፣ አልዋሽም። የሰደፉ እንጨት በእጅ የተጠረበ ነው። ማቀባበያው ጎን ላይ ረጅም የብረት ጥፍር አለው፤ ጥይቷ ከካዝናው ብቅ ስትል ከኋላዋ ቆንጥጦ ይይዛትና ተተኩሳ ቀለሁ እስኪወጣ አይለቃትም። የአዲሱ ጥፍር ትንሽ ነው። ጥይቷን ዝም ብሎ ይገፋታል፤ የሚይዛት መጨረሻ ላይ፣ ማቀባበያው ሲዘጋ ነው። ግን ይቀላል፣ ዝናብ አያጣምመውም፣ ሦስት ጥይት ተኩሼበት ሦስቱም ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም ተሸፈኑ። የአሮጌውን ለመሸፈን መዳፌን ዘረጋሁ።

አባቴ በዚህ ጠመንጃ ነገር የማይበገርበት ምክንያት አለው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ለአደን ጓደኛው አውሶት ነበር። ሰውየው አንድ ጎሽ ላይ ካዝናውን ተኩሶ ጨረሰ፣ ጎሹ መጣበት፣ ኪሱ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ጎሹ እግሩን ሰበረው። "ጠመንጃው እምቢ አለኝ" አለ። "የኔ ጠመንጃ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ አንተ ፈርተህ ነው!" አለው አባቴ፣ ያውም ሰው ፊት። ሰውየው አደን ትቶ ከሱቃችን ትይዩ ልብስ ሰፊ ሆነ። በደጃችን እያነከሰ ያልፋል፤ ሰላምታ የላቸውም።

ባሩድ የሌላቸውን የመለማመጃ ጥይቶች አወጣሁ። መጀመሪያ አዲሱን ለአባቴ ሰጠሁት። እንደ ልማዱ ማቀባበያውን ግማሽ መንገድ ገፋና መልሶ ሳበው። ያልተያዘችው ጥይት ውስጥ ቀረች፤ ሲደግም ሁለተኛዋ መጥታ ተጋጨቻትና ነገሩ ሁሉ ተቀረቀረ።

"አላልኩሽም?" አለና ጭኑን መታ። "ቆሻሻ!"

"ቆሻሻ አይደለም። እጅህ የለመደው ጥፍሩን ነው።"

አሮጌውን ለወንድሜ ሰጠሁት። ሁለቴ አስተኮስኩትና ካዝናው ባዶ ሲሆን አንዲት ጥይት ወርውሬለት "መጣብህ! አጉርስ!" ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ ፈጣን ነው። ጥይቷን በአዲሱ እንደለመደው በቀጥታ በርሜሉ ውስጥ ጨመራትና ማቀባበያውን ገፋ። አልዘጋም። ደገመ፤ አልዘጋም። ከካዝናው ያልመጣችን ጥይት የአሮጌው ጥፍር ከኋላዋ ሊይዛት አይችልም፤ ማቀባበያው እዚያው ይገታል። እስከ ሰባት ቆጠርኩ።

"ሞተሃል" አልኩት።

ወንድሜ በላብ ተጠምቆ ቀና አለ። "እምቢ አለኝ እኮ!"

አባቴ ከበርጩማው ተነሳ። ልጁን ሳይሆን ጠመንጃውን ነበር የሚያየው።

"ያኔ እሱ..." አለና በበሩ በኩል ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ዞረ። ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤ "እሱ የኔን ከመዋሱ በፊት ይይዝ የነበረው የትኛውን ዓይነት ነው?"

"አዲሱን ዓይነት ነዋ። እዚሁ አይደል እንዴ ስትጠግንለት የኖርከው?"

ፊቱ ሲጠቁር አየሁ፤ አዘንኩለት። ከእጄ አንዷን የመለማመጃ ጥይት ወሰደና መንገዱን ተሻገረ። ወንድሜና እኔ በር ላይ ቆመን ቀረን፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ድምፃቸው ይሰማናል።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቆመ። አባቴ ጥይቷን ጨርቁ ላይ አስቀመጠለት።

"ዛሬ ልጄ እጅ ላይ እምቢ አለ" አለው። "አንተ አልፈራህም ነበር፣ ወንድሜ። ሳውስህ፣ በካዝናው ብቻ አጉርስ ብዬ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ሰውየው ጥይቷን አንስቶ ብዙ አገላበጣት።

"ኧረ ፈርቼ ነበር!" አለ በመጨረሻ። "ፈርቼም ግን አጉርሻለሁ።" ከዚያ በእግሩ ወንበር ገፋለት፤ አባቴም ተቀመጠ።

ወንድሜ በማለዳ አዲሱን ይዞ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጎሹን ጨርሶ በሁለት እግሩ ተመለሰ። አሮጌውን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ አልተቃወመም፣ ልብስ ሰፊው ጋ ነበር።