ቁጥሩ እስካልተደገመ ድረስ

ወንድሟ ከተቀበረ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ስሙ ግን ከሥጋው ቀድሞ በስብሷል። መድኃኒት የጫኑ መኪኖችን የሚያጅብ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። መንገድ መቀየራቸውን በሬዲዮ የነገረው ለዋናው ቢሮ ብቻ ነው፤ ዘራፊዎቹ ግን አዲሱ መንገድ ላይ አድፍጠው ጠበቋቸው። ሰባት ሰው አለቀ፣ እሱም ጭምር። «ሸጧቸው ነው» ተባለ። ሸጦ አብሮ የሚገደል ምን ዓይነት ነጋዴ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የእናታቸውን ደጅ የሚረግጥ ጎረቤት ጠፋ።

እሷ የምስጢር ጽሑፍ መርማሪ ናት፤ የምትኖረው ሰው የቆለፈውን እየሰበረች ነው። ወንድሟ ይዞት የነበረውን የምስጢር መልእክት መላኪያ መሣሪያ ቀመር የሠሩት የመሥሪያ ቤቷ አዛውንት ሲሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በፊት መርምራ ያሳለፈችው እሷው ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው በየዕለቱ ከሚቀየር የምስጢር ቁልፍና ከመልእክቱ ተራ ቁጥር ተነስቶ መላ ቅጡ የጠፋ የዜሮና የአንድ ጅረት ያፈልቃል፤ መልእክቱ ከጅረቱ ጋር ይደባለቃል። ተቀባዩ ያንኑ ጅረት አፍልቆ መልሶ ይለየዋል። እሷ አራት ወር ሙሉ ጅረቱ ወደ አንዱ ያዳላ እንደሆነ፣ ራሱን ይደግም እንደሆነ፣ ካለፈው ተነስቶ የሚመጣው ይገመት እንደሆነ ፈተነች። እንከን አላገኘችም። «ቁጥሩ እስካልተደገመ ድረስ አይሰበርም» ብላ ፈረመች። «እስካልተደገመ ድረስ» የምትለዋን ልብ ያላት አልነበረም፤ ጻፊዋም ጭምር።

አሁን ዋናው ቢሮ በዚያን ቀን የተቀበላቸውን መልእክቶች መዝገብ ፊቷ ዘርግታለች። ፖሊሶቹ የሟቹን ፍራሽ ሳይቀር ቀደው ፈትሸዋል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ይህን ወረቀት ግን የነካው የለም። ቁልፉና የተፈታው ቅጂ በደንቡ መሠረት በዕለቱ ስለተቃጠሉ፣ የቀረው ዘራፊዎቹም ከአየር ላይ ሊጠልፉት የሚችሉት ያልተፈታ ጥሬ ምስጢር ብቻ ነው። የጠዋቱ መልእክት ቁጥር አንድ ይላል። የቀትሩም አንድ ይላል። የመዝገቡ ጸሐፊ የቀትሩን በቀይ አክብቦ «የትየባ ስሕተት» ብሎበታል።

 ከመጋዘን የዚያኑ ዓይነት መሣሪያ አስወጥታ ሦስት መልእክት ላከች፤ ቁጥሩ ሦስት ደረሰ። ባትሪውን ነቅላ መለሰችና አራተኛውን ላከች። ቁጥሩ አንድ አለ።

አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ጅረት። ሁለቱን ምስጢሮች አንዱን በአንዱ ላይ ስትደምራቸው ጅረቱ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ሁለቱ መልእክቶች ተጠላልፈው ቀሩ። ከአንዱ ጥቂት ቃል የገመተ፣ ዘራፊም ቢሆን፣ ሌላውን ያነባል። መገመት ደግሞ አልቸገራትም። ባልደረቦቹ «ሰላምተኛው» የሚሉት ወንድሟ፣ መመሪያው ቢከለክልም፣ ሰላምታ ሳያስቀድም ወሬ ጀምሮ አያውቅም። ለጠዋቱ «እንደምን አደራችሁ» ብላ ብታስገባ፣ ከቀትሩ «እንደምን ዋላችሁ» ብቅ አለ። ቃል ቃልን እየጎተተ ከምሳ በፊት ጨረሰችው። የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አንብባ ወረቀቱን ወደ አዛውንቱ ይዛ ሄደች።

አዛውንቱ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ቀመሩ ንጹሕ ነው። ቁጥሩ እንዳይደገም መጠበቅ የመሣሪያ ሠሪዎቹ ፋንታ ነበር።»

«እነሱስ ምን ይላሉ፣ ጋሼ?»

«የእኛ ፋንታ መስሏቸው ነበር።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እኛ እንዲህ ስንገፋፋ ሟች ተሸከመው። ሙት አይናገርማ። እኔስ ባትሪው ሲነቀል ምን ይሆናል ብዬ ያልጠየቅሁት?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሪፖርቱን ጻፊው፤ ከስምሽ በፊት የእኔ ይግባ» አሏት። «የመጨረሻዋን መስመር ግን ተያት። ለእናትሽም ደግ አይደለም።»

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ሸጧቸዋል?»

«አልሸጠም፣ እማዬ። አንድ ቃል አላወጣም። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው።»

እናቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ሲወጣላቸው ቀና አሉ።

«የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር? አንብቢልኝ። ምንም እንዳታስቀሪ።»

ወረቀቱን ዘረጋች። አላስቀረችም።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ደኅና ናችሁ ወይ? ድልድዩ ፈርሷል፣ በጫካው እንዞራለን። ባትሪ ቀይሬያለሁ። ስለ ምስጢሩ ስጋት አይግባችሁ፤ መሣሪያውን የመረመረችው እህቴ ናት።»