ከእኔ ቀድማ ያነበበችው

ባለቤቴ ካረፈ በአራተኛው ወር፣ የጀመረውን ልቦለድ ልጨርስለት ብዬ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ስከፍተው ያቆመበት ገጽ 188 ነበር። እኔ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ አንድ መልእክት ብቅ አለ፤ «በሌላ መሣሪያ እስከ ገጽ 212 ተነቧል። ወደዚያ ልውሰድዎ?»

የሞተ ሰው ገጽ አይገልጥም። የአካውንቱን ዝርዝር ከፈትኩ። ሁለት መሣሪያዎች ነበሩ፤ የእሱና «ነጠላ ሰረዝ» የሚባል። በአራሚነት ይሠራበት በነበረው አሳታሚ ቢሮ አጠገቡ የምትቀመጠውን ወጣት አራሚ እንዲህ ነበር የሚጠራት፤ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ትወስዳለች እያለ።

መጽሐፉን የሸጠው ድርጅት ሁሉን መዝግቦታል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ገጽ። በሕመሙ የመጨረሻ ሳምንታት ሁለቱም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኩል ይከፈታሉ፣ እኩል ይዘጋሉ። እኔ ያኔ ሥራ ላይ ነኝ። ስመለስ «ቀኑን ሙሉ ተኛሁ» ይለኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የገዛ ቤቴን ወሬ ከማላውቀው ድርጅት ሰማሁ።

ደወልኩላት።

«ነጠላ ሰረዝ አንቺ ነሽ?»

«እትዬ... አዎ። ጋሼ ናቸው ያወጡልኝ።»

«የይለፍ ቃሉንስ ማን ሰጠሽ?»

«እሳቸው። ለሥራ ነበር። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይከታተላል፤ አራሚ ብቻውን አያነብም።»

«ልቦለዱም ሥራ ነው?»

«እሱ እንኳ... አይደለም።»

«እንግዲያው ዛሬ ከአካውንቱ አስወጣሻለሁ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው።»

«ይችላሉ። ግን ማስታወሻዎቹ በእኔ መሣሪያ ስም ስለተቀመጡ አብረው ይጠፋሉ። ጣታቸው መጻፍ እምቢ ሲላቸው፣ በስልክ እየነገሩኝ እኔ ነበርኩ የምጽፍላቸው።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ጣቴ እንደከዳኝ እንዳታውቅ ይሉ ነበር።»

ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። አውቅ ነበር።

አላስወጣኋትም። ከማስታወሻዎቹ ጥቂቱን አነበብኩ፤ አብዛኛው ከደራሲው ጋር ክርክር ነው። አንዱ ግን «ይህቺ ሴት ሚስቴን ትመስላለች፤ ሚስቴ ግን ሰው ፊት አታለቅስም» ይላል። ይህን የነገረው ለእሷ ነው። የቀሩትን ልቤ ረጋ ሲል አነባቸዋለሁ ብዬ ተውኳቸው።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ንባብ ትቼ የእሷን መከታተል ያዝኩ። ሰኞ በምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ገጽ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት፤ ወደ ሥራ ስትሄድ መሆን አለበት። ሐሙስ ምንም። አርብም ምንም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አላስችል ብሎኝ ደወልኩ።

«ምነው ሁለት ቀን አላነበብሽም?»

«ጉንፋን ይዞኝ...» አለች። እንዴት እንዳወቅኩ ገብቷታል።

«ይማርሽ» ብዬ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ስከፍት አንድ መሣሪያ ብቻ ቀርቷል። ራሷን በራሷ አስወጥታለች። ማስታወሻዎቹም አብረዋት ሄደዋል።